የሁለት ሞተር ሒሳብ

ሲገዛት ርካሽ ነበረች፤ ይህን ልመስክር በቅድሚያ።
ሁለት አይሱዙ ሸጠን ነው፣ ከነጎማቸው፣ በአንድ ገበያ።
አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እኔን በአራት ትበልጣለች፤
ላሚሶ ግን፣ "ዕድሜዋን ተዪው፣ ከነፋስ ትቀድማለች።"

ትቀድማለች፤ አልክድም። አንድ ቀን አብሬው ወጥቼ
ታቦር እንደ ተደፋ ቅል ከክንፏ ሥር ሲቀር አይቼ፣
ሐይቁ በብርሃን ሲላጥ፣ ጀልባው እንደ ሱፍ ፍሬ ሲያንስ፣
ጆሮዬ በሁለቱ ሞተር ጩኸት እስኪደነቁር ድረስ
ሳቅሁኝ። የዚያን ሳቅ ዋጋ
ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ማታውን ነው፣ ሌሊቱ ሊነጋ።

ሁለት ሞተር ሲሉት ወጪው በሁለት የሚባዛ ይመስላል፤
የሚስማር ነጋዴ ነኝ፣ ማባዛት አውቃለሁ፤ ይህ ግን ይዋለዳል።
አሥራ ሁለት ሲሊንደር አላት፣ ለየወሩ አንድ የተመደበ፤
መስከረም የጠገንነው ሳይቀዘቅዝ የጥቅምቱ ተረከበ።
የክንፏ ግንባር ላስቲክ ለብሷል፣ በረዶ እንዲያራግፍበት፤
ሐዋሳ ላይ! ፀሐይ ሰነጣጠቀው እንጂ ምን በረዶ አግኝቶት።
እሱም ዶላር ጠየቀ።

ነዳጇም እንደ ጄቶቹ አይደል፤ ኬሮሲን ቢገባት ትሞታለች፤
በበርሜል፣ ከባሕር ማዶ፣ ሰማያዊውን ትመርጣለች፤
በሰዓት መቶ ሃምሳ ሊትር።
የምንዛሪ ወረፋ ስምንት ወር። ማግኔቶው ሲመጣ
ጉምሩክ አገላብጦ አይቶ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ፤
"የልብ ምት ነው" ስለው፣ "የቅንጦት ዕቃ" ብሎ ቀረጠኝ።
መድን ሰጪው ዕድሜዋን ሲሰማ ሳል ያዘው፤ ውሃ ጠጥቶ ሸኘኝ።

ዘርጋው ከደብረ ዘይት ይመጣል፤ አበሉም አልጋውም ከሱቄ፤
ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ሆዷ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ውጭ፣ እንደ አስታማሚ፣ ተጨንቄ።
"እትዬ፣" ይላል ከውስጥ፣ "ብትበርም ትበላለች፣ ባትበርም ትበላለች፤
እንዲያውም ከመብረር ይልቅ መቆሙ ነው የሚጎዳት፤ ትዝጋለች።"
አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት የጠገበ አባ ኮዳ
የሃንጋሩ ጣሪያ ላይ ቆሟል፣ መላጣውን ደፍቶ፣ እንደ ዕዳ።

አንድ ማታ ጠየቅሁት፦ አንዱ አየር ላይ ቢሞትስ?
ሁለት ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።
"የሞተው አይደለም የሚያስፈራው፣" አለኝ፣ "ሕያው ሞተር ነው።
ብቻውን ሲጎትት ወደ ሞተው በኩል ይጠመዝዛታል፤
ዝም ካልሽው ገልብጦ ይጥላታል።
በሕያው በኩል መርገጥ አለብሽ፣ እግርሽ እስኪዝል፣ ሳትለቂ።"
አንዱን ማንኪያ ገለበጠው።
እኔ የቀረውን አየሁት።

ጎብኚ ከቀረ፣ የላሚሶ ሥራ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው።
ቀለምና ሚስማር እየሸጥኩ የምጎትተው እኔ ነኝ።
ወደየት እንደምንጠመዘዝ አውቃለሁ፤
ጠረጴዛው ሥር እግሬን ዘረጋሁ፤ የሚረገጥ ነገር አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ሐይቅ ዳር ሎጅ ያለው ሰው መጣ።
"ሞተር አልፈልግም፣" አለ፣ "ሣሩ ላይ ላቆማት ነው፣
ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባት።" ዋጋው ክፉ አልነበረም።
ላሚሶ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
ክንፏን በመዳፉ ዳበሰና፣
"ሙሽሮች አይከብዷት፣" አለ።

ቅዳሜ እንዳትዝግ ልናስነሳት ሄድን።
ግራው በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ቀኙ አስለምኖ፣ አስነጥሶ፣ ጭስ ተፍቶ።
አባ ኮዳው ከጣሪያው በረረ።
ከጎኑ ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ
ሁለቱ ድምፆች ሲሳሳቱ፣ ሲፈላለጉ፣
ከዚያ እጁ መዘውሩን ነካ አድርጎ አንድ ድምፅ ሲያደርጋቸው ሰማሁ።

ቅዳሜ። አሥር ደቂቃ። ዘጠኝ ሊትር፣ ሰማያዊው።
ምክንያት በሚለው አምድ ሥር
እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።